ሐውልት ትተው መተላለፊያ ለምን ሠሩ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ዊንቸስተር ከተማ ያለውን ዊንቸስተር ኮሌጅ የሚባል የድሮ ትምህርት ቤት ስጎበኝ የጦርነት መታሰቢያው ግራ አጋባኝ። ጠመንጃ የያዘ ወታደር ምናምን ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት በቅስት የተከበበ ግቢ ነው፤ ተማሪዎቹም መጽሐፋቸውን ታቅፈው ውር ውር ይሉበታል። ይሄ ለሙታን ክብር ነው? (እህታችሁ፣ ከለንደን)

መልስ፦ ነው እንጂ እህቴ! እንዲያውም ውር ውር እንዲሉበት ተብሎ ነው የተሠራው። ሐሳቡ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ርዕሰ መምህር የነበሩት የሞንታግ ሬንዳል ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎች የሚያድሩት ከዋናው ግቢ ውጪ ባሉ ቤቶች ስለሆነ መታሰቢያው ወደ ክፍል በሚሄዱበት መንገድ ላይ ተሠራ፤ በየቀኑ በሙታኑ ስም ሥር ሳያልፉ ትምህርት የለም። በዓመት አንዴ አበባ ተቀምጦለት ከሚረሳ ሐውልት ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ።

ንድፉ የሰር ኸርበርት ቤከር ነው፣ ፕሪቶሪያ ያለውን የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ሕንፃ የነደፉት። በ1924 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። በባልጩት ድንጋይ በተሠራው ግድግዳ ላይ በአንደኛው ጦርነት ያለቁ 500 የቀድሞ ተማሪዎች ስም ተቀርጿል፤ ቅደም ተከተሉ ደግሞ በማዕረግ ሳይሆን ትምህርት ቤት በገቡበት ዓመት ነው። አብረው የገቡ ልጆች ስማቸውም አብሮ ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው።

ማዕዘኖቹ ግን ያኔ በብሪታንያ ግዛት ሥር ለነበሩት ለአውስትራሊያ፣ ለካናዳ፣ ለደቡብ አፍሪካና ለሕንድ የተሰጡ ናቸው፤ እዚህ ላይ ሐዘኑ ከቅኝ ግዛት ኩራት ጋር ተቀላቀለ። መሃል ላይ ባለው መስቀል ሥር የቆሙት የሁለት መስቀል ጦረኞች (በመካከለኛው ዘመን በመስቀል ስም የዘመቱ ወታደሮች) ምስሎችም ለኔ ትንሽ በዝተውብኛል። የሁለተኛው ጦርነት ሙታን ስም በኋላ እዚያው ተጨመረ።

ለእኛ ሰው የሚቀርብ ነገርም አለ። ፊልድ ማርሻል ዌቨል የዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ናቸው። በ1933 ዓ.ም. አርበኞቻችንና የእንግሊዝ ጦር ጣልያንን ከኢትዮጵያ ሲያስወጡ የመካከለኛው ምሥራቅ የእንግሊዝ ጦር ጠቅላይ አዛዥ እሳቸው ነበሩ፤ ጄኔራል ካኒንግሃምና ጄኔራል ፕላት ከሥራቸው ነው የዘመቱት። በ1950 እ.ኤ.አ. አርፈው የተቀበሩት እዚሁ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። መቃብራቸው ያለው ግን እርስዎ ባዩት ሳይሆን በመካከለኛው ዘመን በተሠራው በአሮጌው ባለቅስት ግቢ ነው። ድጋሚ ከሄዱ አስጎብኚውን «የድሮውን አሳየኝ» ይበሉት።