«እናቴ ፊቴን ስታይ ትሰማለች፣ ከኋላ ስጠራት ግን አትሰማም» ለሚለው ጥያቄ

እህቴ፣ ወንድሞችዎ «የምትፈልገውን ብቻ ነው የምትሰማው» እንደሚሉ ጽፈዋል። አባቴም በዚሁ ክስ ብዙ ተወቅሰዋልና የደረሰብንን ልንገርዎ።

1. የጆሮ ምርመራው አፍ በማይታይበት ሁኔታ መደረጉን ያረጋግጡ። መጀመሪያ የወሰድናቸው የግል ክሊኒክ ባለሙያ ጸጥ ባለ ክፍል ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ አነጋገራቸው፤ ለሁሉም በትክክል ስለመለሱለት «ደኅና ናቸው፣ እርጅና ነው» ብሎ ክፍያውን ተቀብሎ ሸኘን። አባቴ ከንፈሩን እያዩ እንደሚያዳምጡ ልብ አላለም፤ በእርሱ ቃል የተነሣም ሕክምናቸው ዘገየ፣ ቤተሰቡም ወቀሳውን ቀጠለ። ኋላ ሌላ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ፣ ድምፅ በማያስገባ ክፍል በማዳመጫ ሲለኩ፣ ቀጫጭኖቹ ድምፆች እንደጠፉባቸው ታወቀ። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር አስቀድሞ የሚያደበዝዘው እንደ ስ እና ፍ ያሉትን ነው፤ አናባቢዎቹ ጎልተው ስለሚቀሩ ሰውየው ድምፁን ይሰማል፣ ቃሉን ግን አይለይም። ፍ ሲባል ግን የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ሲነካ ስለሚታይ፣ ጆሮ የሳተውን ዐይን ይሞላዋል። ይህ የደካማ ጆሮ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማክገርክና ማክዶናልድ በ1976 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ «ባ» የሚል ድምፅ «ጋ» ከሚል አፍ ጋር ተቀናብሮ ሲቀርብ አብዛኞቹ ዐዋቂዎች «ዳ» እንደሰሙ ተናግረዋል።

2. ከንፈር ሁሉን አያሳይም። «በራ» እና «መራ» ሲታዩ አንድ ናቸው፤ «ገባ» እና «ቀባ» ደግሞ የሚለያዩበት ፊደል ከአፍ ጀርባ ስለሚፈጠር ዐይን አይደርስበትም። ስለዚህ ያልተሰማውን በሌላ ቃል ይንገሯቸው እንጂ አይጩኹ፤ ጩኸት የአፍን ቅርጽ ያዛባል። መስኮቱን ከኋላዎ አድርገውም አይቁሙ፣ ፊትዎ ይጨልማል።

3. ካርድ ክፍል ሲደርሱ ተራቸው በጽሑፍ እንዲነገራቸው አስቀድመው ይጠይቁ። እኛ ዘንድ ሠራተኛዋ ከመስታወት ጀርባ፣ ጭምብል አድርጋ፣ ወደ ኮምፒውተሩ አቀርቅራ ስም ስትጠራ የአባቴ ተራ አለፈ፤ ስንጠይቃትም «ጠርቻለሁ፣ ጆሮ የለዎትም?» አለቻቸው። ለጆሮ ሕክምና የተሰለፈን ሽማግሌ!

ወንድሞችዎን ለማሳመን፣ እነርሱ እያዩ አፍዎን በወረቀት ሸፍነው ለእናትዎ ጥቂት ቃላት ይንገሯቸው፤ ቀጥሎም ወረቀቱን አንሥተው፣ ድምፅዎን ሳይጨምሩ፣ ሌሎች ቃላት ይበሉ። እኔ ታላቅ ወንድሜን ዝም ያሰኘሁት በዚህ ነው፤ አባቴን ወደ ሁለተኛው ሐኪም የወሰዳቸውም እርሱ ራሱ ነው።