ይቅርታ የምጠይቅባት ሥዕል

ልጆቼ፣

የአእምሮ ሐኪም ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ከዚህ ውስጥ ሃያ ለሚሆነው ዓመት አንዲት ሥዕል ስሥል ኖሬአለሁ። ሥዕል ማለቴ እንኳ ለክብሯ ነው። ድባቴ (ዲፕሬሽን) ለያዘው ታካሚ በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ሁለት የነርቭ ሴሎችን ጫፍ ለጫፍ አድርጌ በመካከላቸው ነጠብጣብ እጨምራለሁ። «ይህ ሴሮቶኒን የሚባል ኬሚካል ነው፤ በጤነኛ ሰው ይህን ያህል ነው፤ በአንተ ግን አንሷል። ክኒኑ የጎደለውን ይሞላል» እላለሁ። ታካሚው ወረቀቱን ትኩር ብሎ ያያል። ቀስ በቀስ ትከሻው ይላላል። ስንፍና አይደለም፣ የእምነት ጉድለትም አይደለም፤ የጎደለው ነጠብጣብ ነው። ያንን እፎይታ ማየት ስለምወድ ሥዕሏንም ወደድኳት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የቀድሞ ታካሚዬ ያችኑ ወረቀት አራት ላይ አጥፋ ይዛ መጣች። (ማንነቷ እንዳይለይ አንዳንድ ነገር ቀይሬአለሁ።) እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ቢለቅም ነጠብጣቦቹ ይቆጠራሉ፤ በላይኛው ሥዕል ብዙ፣ በታችኛው ሦስት። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋቻትና «ዶክተር፣ ይህ እውነት ነው ወይስ ለማጽናናት ነበር?» አለችኝ።

ለጥያቄዋ መነሻ የሆነው ጆአና ሞንክሪፍ የተባሉት እንግሊዛዊት የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2022 ያሳተሙት ጥናት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስለ ሴሮቶኒንና ስለ ድባቴ ለአሥርተ ዓመታት የተሠራውን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ድባቴ የሚመጣው በሴሮቶኒን ማነስ ነው የሚለውን የሚያጸና ወጥ ማስረጃ አላገኙም። ከሙያ ባልደረቦቼ አንዳንዶቹ ጥናቱን ተቹት። ሌሎች ደግሞ «ይህማ ድሮም የታወቀ ነው፤ ነገሩ ከዚያ የተወሳሰበ እንደሆነ እናውቅ ነበር» አሉ። እኔን ያሳፈረኝ ይህ ሁለተኛው መልስ ነው። እናውቅ ከነበረ እኔ ምን ስሥል ነበር?

ታሪኩን ላውጋችሁ። በሙያችን ብዙ መድኃኒት የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በ1949 ጆን ኬድ የተባሉ አውስትራሊያዊ ሐኪም ሊቲየምን ለሌላ ጉዳይ በእንስሳት ላይ ሲሞክሩ እንስሳቱ ረጋ ሲሉ አዩ፤ ከዚያም ማኒያ በተባለ ከልክ ያለፈ የመንፈስ መነቃቃት ለሚሠቃዩ ሰዎች ሰጡት። ሊቲየም ዛሬም ማኒያና ድባቴ ለሚፈራረቁበት ለባይፖላር ሕመም ከተመራጮቹ አንዱ ነው፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን እስከ አሁን በእርግጠኝነት አልታወቀም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አይፕሮኒያዚድ የተባለ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሕሙማኑን መንፈስ ሲያነቃቃ ታየ። እንግዲህ መድኃኒቱ ቀደመ፣ ምክንያቱ ከኋላ ተፈለገለት። ክኒኑ የሚነካው እንደ ሴሮቶኒን ያሉ ኬሚካሎችን ከሆነ በሽታውም የእነርሱ ማነስ መሆን አለበት ተባለ። ጃንጥላ ከዝናብ ስለሚያስጠልል ዝናብ የሚመጣው በጃንጥላ እጥረት ነው እንደ ማለት ነው።

ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። ስለ ዝናቡ የተነገረው ስለተሳሳተ ጃንጥላው ያፈስሳል ማለት አይደለም። በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 522 ሙከራዎችንና ከ116,000 በላይ አዋቂ ታካሚዎችን አጠቃልሎ 21 የድባቴ መድኃኒቶችን መርምሯል። ሁሉም ፍሬ ነገር ከሌለው የማስመሰያ ክኒን በልጠው ተገኝተዋል። ብልጫቸው በአማካይ መጠነኛ ነው፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። አማካይ ሲባል ደግሞ አንዱን ከአልጋ ያስነሣ ክኒን ሌላውን ከማቅለሽለሽ በቀር ምንም ላያደርግለት ይችላል ማለት ነው። የመጀመሪያው ሳይሠራ ቀርቶ ሁለተኛ መሞከር የተለመደ ነገር ነው። ዕድሜያችሁ ከ25 በታች ከሆነ ግን አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመሞት ሐሳብ የሚባባስባቸው ወጣቶች ስላሉ በዚያ ጊዜ ቀጠሮው ቀረብ ቀረብ ማለት አለበት። ሐኪማችሁ ይህን ካልነገራችሁ እናንተ ጠይቁ።

ወረቀቷን ይዛ የመጣችው ያች ልጅ ስለ ጥናቱ ባነበበች ማግስት ክኒኑን በአንድ ጊዜ አቁማዋለች። በአራተኛው ቀን ዓይኗን ወደ ጎን ባዞረች ቁጥር ጭንቅላቷ ውስጥ ኮረንቲ ይነዝራት ጀመር። ያዞራታል፤ ሌሊት በላብ ተነክራ ትነቃለች፤ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። «ሕመሜ ተመለሰ ማለት ነው» አለችኝ። ሕመሙ አልነበረም። ድባቴ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ በሳምንታት ነው የሚመለሰው፤ ኮረንቲ የመሰለ ንዝረትም ይዞ አይመጣም። ይህ የማቋረጥ ሕመም ነው። እኔና የዘመን አጋሮቼ «ቀላል ነው፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይጠፋል» እያልን ስናስተምር ኖረናል። ለአንዳንዱ ሰው ወራት እንደሚፈጅ በኋላ ነው ያመንነው፤ ያመንነውም ታካሚዎች ደጋግመው ስለጮኹ ነው። ክኒን መተው መብታችሁ ነው፤ መጠኑን ግን ከሐኪም ጋር ሆናችሁ በጥቂት በጥቂቱ ቀንሱት።

አሁን ደግሞ በእናንተ በኩል ወዳለው ችግር ልምጣ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እውነት ነው። ዛሬ ግን ወደ ክፍሌ የሚገባው ወጣት ገና ሳይቀመጥ የበሽታውን ስም ይነግረኛል። «ድባቴ አለብኝ» ይላል። እሺ፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ ትነቃለህ? ስትነቃ መጀመሪያ የሚመጣብህ ሐሳብ ምንድን ነው? ደስ ይልህ የነበረ፣ አሁን ግን ያስጠላህ ነገር አለ? እዚህ ላይ ዝም ይላል። ስሙን ይዟል፤ ሕመሙን ገና አልተመለከተውም።

ስም ምን ያህል ስስ እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ለድባቴ ዘጠኝ ምልክቶችን ይዘረዝራል። ከነዚህ ቢያንስ አምስቱ ለሁለት ሳምንት ከታዩ ስሙ ይሰጣል፤ ከአምስቱ አንዱ የተጫነ ስሜት ወይም የደስታ ማጣት መሆን አለበት። አንዱ አምስቱን ይዞ ሌላው የቀሩትን አራቱንና ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ቢይዝ፣ ሁለቱ ሰዎች የሚመሳሰሉት በአንድ ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል። አንደኛዋ እንቅልፍ አጥታ፣ ከስታ፣ እጇን ስታፍተለትል ታድራለች፤ ሌላው ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል። ስማቸው አንድ ነው። እኔ ስሙን አልንቀውም፤ ከባልደረቦቼ ጋር የምግባባው፣ ማስረጃም የምጽፈው በእርሱ ነው። ሰው ግን ራሱን በእርሱ ብቻ ሲያውቅ ያሳስበኛል። ሉሲ ፎልክስና ጃክ አንድሩስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2023 ያነሡት ሐሳብ አለ። ስለ አእምሮ ጤና ደጋግሞ መስማት እውነተኛውን ሕመምተኛ ወደ እርዳታ ያመጣዋል፤ አንዳንዱን ግን የዕለት ተዕለት ጭንቀቱን እንደ በሽታ እንዲያይና በዚያው እንዲብስበት ሊያደርገው ይችላል ይላሉ። ገና በመመርመር ላይ ያለ ሐሳብ ነው፤ ከክፍሌ የማየው ግን ብዙ አይርቅም።

ይህን ስል አንዳንድ ወላጅ «እኔስ ምን አልኩ!» ብሎ እንዳይደሰት። ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት 18 ዓመት ሳይሞላ ነው። «ዕድሜው ነው፣ ያልፋል» በሚል ቃል የባከኑ ዓመታትን በየቀኑ እሰማለሁ። ማንም የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ለቀናት ሳይተኙ ኃይል መሙላት፣ ሰዎች ሁሉ አሲረውብኛል ብሎ ማመን ሲመጣ ስለ ስያሜ የምንከራከርበት ጊዜ የለም፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

ወደ ንግግር ሕክምና ልለፍ። አሮን ቤክ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ድባቴ ወደ ውስጥ የተመለሰ ቁጣ ነው በሚል ትምህርት ተቀርጸው ነበር። ይህንኑ ሊያረጋግጡ የታካሚዎቻቸውን ሕልም መረመሩ። ያገኙት ቁጣ ሳይሆን የማጣትና የመሸነፍ ታሪክ ሆነ። የተማሩትን ጥለው፣ ታካሚዎቹ በየደቂቃው ለራሳቸው የሚናገሩትን ማዳመጥ ጀመሩ፤ በ1960ዎቹ ኮግኒቲቭ ቴራፒ የተባለው፣ ሐሳብን የሚመረምር የንግግር ሕክምና የተወለደው ከዚህ ነው። ቤክ በ2021 በ100 ዓመታቸው አረፉ። ሥዕላቸውን በጊዜ የቀደዱ ሰው ናቸው፤ እቀናባቸዋለሁ።

ሕክምናው በተግባር እንዲህ ነው። ጓደኛዋ ስልክ ስላላነሣችላት «ጠልታኛለች» የምትል ልጅ አለች እንበል። ባለሙያው አይከራከራትም። ነገ ብትደውል ምን እንደሚሆን የምትገምተውን በወረቀት ያስጽፋታል። ትደውላለች፤ የሆነውን ከግምቷ አጠገብ ትጽፋለች። ሃያ እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ከአንድ ምክር ይበልጣሉ። ይህም ቢሆን ከባለሙያው ጋር መተማመን ከሌለ አይሄድም። ከሦስት አራት ቀጠሮ በኋላም የምትደብቁት የሚበዛ ከሆነ ንገሩት፤ ካልተስተካከለ ቀይሩት። እኔን ትተው ወደ ሌላ ሄደው የዳኑ ሰዎች አሉ።

ሁልጊዜም ዶክተር አያስፈልግም። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በ2006 የጀመሩት ሥራ አለ፤ የሠለጠኑ አረጋውያን እናቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀን ያዳምጣሉ። በሾና ቋንቋ ሕመሙን «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ማሰብ ማብዛት ማለት ነው። የዘረዘራችሁትን መከራ ከእናንተ ጋር ይቆጥሩና «የትኛውን እናስቀድም?» ይላሉ። 573 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2016 የታተመ ሙከራ፣ ከስድስት ወር በኋላ በወንበሩ የተረዱት የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት ይልቅ በእጅጉ እንደተሻላቸው አሳይቷል። ስለ ነጠብጣብ ማንም አልነገራቸውም።

አንድ ነገር ሳልናገር ደብዳቤውን አላሽግም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰው ራሱን ያጠፋል። ጓደኛችሁ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንዳለው ከጠረጠራችሁ በቀጥታ ጠይቁት፤ «ራስህን ስለማጥፋት ታስባለህ?» በሉት። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ይህ በጥናት የታየ ነው። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፤ ወደ ድንገተኛ ሕክምና አብራችሁት ሂዱ። ምስጢር ጠብቁልኝ ቢል አትጠብቁለት። ሐሳቡ የራሳችሁ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ከቤት ያለውን ሰው አሁን ቀስቅሱት።

ያች ልጅ ክኒኑን እንደገና ጀምራ፣ መጠኑን እየቀነስን እስክትተወው ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በመጨረሻው ቀጠሮ ወረቀቷን ከመዝገቧ ውስጥ አወጣሁና ልቀድዳት ስል እጇን ዘረጋች።

«ስሕተት ናት እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች፤ «ያን ቀን ግን ወደ ቤቴ ቀና ብዬ የሄድኩት በእርሷ ነው።» አራት ላይ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።