ትክክልም ስህተትም የሌለው ፈተና

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ደወለችና፣ «ጋሼ፣ ባንኩ ለፈተና ጠርቶኛል። የችሎታ ፈተናውን፣ አፕቲትዩዱን፣ በቴሌግራም ከሚለቀቁት ያለፉ ጥያቄዎች እያጠናሁ ነው። የስብዕናውን መልስ ግን የትም አጣሁት፤ እርስዎ ጋ አይጠፋም» አለችኝ። ዕድሜዬን በሰው ኃይል አስተዳደር ስለጨረስኩ፣ መልሱን በመሳቢያ ቆልፌ የተቀመጥኩ ይመስላታል። ሳቅሁባት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ይህንኑ ጥያቄ ድሮ ከሌላ ሰው አፍ መስማቴ ትዝ አለኝ።

ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። እሠራበት የነበረው ድርጅት፣ ስሙ ይቆየንና፣ የቀጠረው አማካሪ ከውጭ የስብዕና መጠይቅ ይዞ መጣ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከአንድ («በፍጹም አልስማማም») እስከ አምስት («በጣም እስማማለሁ») ካሉት ቁጥሮች አንዱን የሚያከብቡበት ነው። አናቱ ላይ «ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም» ይላል። እኔ የቅጥር ኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ፤ ወረቀት አድላለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ድምፅ ግን የለኝም።

ለንብረት ክፍል ኃላፊ ቋሚ መደብ ወጣ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ በዚያው መጋዘን በኮንትራት ለዓመታት የሠራ ሰው ነው። መለዋወጫ ሲጠየቅ የዕቃ መመዝገቢያውን ቢን ካርድ ሳያይ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይናገራል። የንብረት ገቢው ሞዴል 19 እና የወጪው ሞዴል 22 ካልተናበቡለት ወደ ቤቱ አይሄድም። የዓመቱ ቆጠራ ሲደርስ ኦዲተሮቹ መጀመሪያ መግባት የሚፈልጉት እሱ ዘንድ ነበር፤ ቶሎ ስለሚጨርሱ።

መጠይቁ ይህን ሁሉ አልጠየቀውም። «ስለ ስኬቴ ለሌሎች መናገር ያስደስተኛል» ይላል፤ አንድን አከበበ። «ከአለቃዬ ጋር ካልተስማማሁ በሰው ፊት እናገራለሁ»፤ አንድ። «ሰው በተሰበሰበበት ሁሉም እኔን እንዲያዳምጥ እፈልጋለሁ»፤ አሁንም አንድ። በይሉኝታ ያደገ ሰው ሌላ ምን ያክብብ? ነጥቡ ሲደመር «በራስ መተማመን ዝቅተኛ፣ የመሪነት ዝንባሌ ዝቅተኛ» ተባለ። መደቡን የወሰደው መጋዘን ገብቶ የማያውቅ፣ ራሱን ግን ሳይሳሳ ያመሰገነ ጎልማሳ ነው።

ውጤቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ በወጣ ማግስት ሰውዬው ቢሮዬ መጣ። አልተቆጣም። «አቤቱታ ላቀርብ አይደለም የመጣሁት። የቱን ጥያቄ እንደተሳሳትኩ ብቻ ንገረኝ፤ ለሚቀጥለው እንዳጠና» አለኝ። የፈተና ውጤት ምስጢር ነው የሚል መመሪያ ነበረብን። ባይኖርስ ምን ብዬ ልመልስለት ነበር? የጣለው ወረቀት ራሱ ስህተት የሚባል መልስ የለም ብሎ ነው የሚጀምረው። «የኮሚቴው ውሳኔ ነው» አልኩት። እግዜር ይስጥልኝ ብሎኝ ወጣ። ኮንትራቱ ሲያልቅ አልታደሰለትም፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ሥራውን ማጣቱ አንድ ነገር ነው። ስለ ገዛ ራሱ ትክክለኛውን መልስ ሊያጠና መነሣቱ ግን ዛሬም ይቆጨኛል።

ከዓመታት በኋላ ለአንድ ሥልጠና ስዘጋጅ፣ ዱክ ፓወር የተባለውን የኤሌክትሪክ ኩባንያ ጥቁር ሠራተኞቹ የከሰሱበትን ጉዳይ አነበብኩ። በአሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ በኩባንያው የዳን ሪቨር ማመንጫ ጥቁሮች የሚሠሩት በጉልበት ሥራ ክፍል ብቻ ነበር። በቅጥር የዘር መድልዎን የሚከለክለው ሕግ ሥራ ላይ በዋለበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1965፣ ኩባንያው ከጉልበት ሥራ ውጭ መቀጠር ለሚፈልግ አዲስ ሰው ሁለት ፈተናዎችን ማለፍ ግዴታ አደረገ። ከዚያ በፊት የገቡት ነጮች ግን ፈተናውን ሳያዩ፣ ሁለተኛ ደረጃም ሳይጨርሱ፣ ሥራቸውን በደንብ ይሠሩ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 ለሠራተኞቹ ፈረደ፤ ፈተና ከሥራው ጋር ዝምድናው መታየት አለበት አለ። የእኛን ቢን ካርድ ሳስብ ያደርኩት ያን ሌሊት ነው።

ይህን ብዬ ፈተና ይቅር የምል እንዳይመስላችሁ። እኔ ሥራ ስጀምር ክፍሉ «ፐርሶኔል» ይባል ነበር፤ ሰውም የሚቀጠረው «ይህን ልጅ አደራ» በሚል በተጣጠፈች ቁራጭ ወረቀት ነበር። ወረቀት ጻፊ ዘመድ የሌለው የድሃ ልጅ በሩ የተከፈተለት በፈተና ነው። ከሁሉ የምወደው ደግሞ የታይፒስቶቹን ፈተና ነበር። ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና ፊት አስቀምጠህ፣ አንድ ገጽ ሰጥተህ፣ ሰዓት ትይዛለህ። በደቂቃ ስንት ቃል፣ ስንት ስህተት፤ አለቀ። የአማርኛው መኪና ፊደል ሲቀጥል የሚጠይቀውን የጣት ብልሃት ያየ ያውቃል። አንዷ የራሷን ሪባን በቦርሳ ይዛ መጥታ፣ «የእናንተ ደብዝዟል» ብላ ቀይራ ጀመረች። እኔ ያኔውኑ ቀጥሬያት ነበር፤ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ሌላ ቦታ ገባች።

ጥናቱም ፈተና ይቅር አይልም። ሽሚት እና ሀንተር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1998 (እ.ኤ.አ.) የሰማንያ አምስት ዓመት ምርምር ሲያጠቃልሉ፣ የአጠቃላይ ችሎታ ፈተና ከሥራ ውጤት ጋር ያለውን ዝምድና 0.51 አድርገውት ነበር፤ ፍጹም ዝምድና አንድ ነው። እኛም በየሥልጠናው እንደ ዳዊት ደገምነው። በ2022 ሳኬት የተባለ ሌላ ተመራማሪ እና ባልደረቦቹ ስሌቱን ሲያርሙት ወደ 0.31 ወረደ። ከሁሉ በላይ የተቀመጠው ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ ሆነ፤ 0.42። እሱም ቢሆን ከአንድ ሩቅ ነው።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ከስማችሁ ሥር አራት ፊደል ትለጥፋላችሁ። ሰውን በስብዕና ዓይነት የሚመድበው የማየርስ ብሪግስ መጠይቅ ውጤት ነው። መጠይቁ ሠራተኛ ለመምረጫ እንዳይውል አሳታሚው ራሱ ይናገራል፤ እናንተ ግን እንደ ማዕረግ ይዛችሁት ትዞራላችሁ። እኛ ስለ ራሳችን አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ያሳፍረን ነበር፤ እናንተ ሳትጠየቁ ትናገራላችሁ። የትኛው እንደሚሻል እንጃ። ያ ሰውዬ የእናንተን ድፍረት ሩቡን ቢያገኝ ኖሮ!

አጥኑ፣ በሰዓቱ ድረሱ አልላችሁም፤ እናቶቻችሁ ብለዋችኋል። ስለ አፕቲትዩዱ አንድ ነገር ብቻ፦ ሁሉም እንዲጨርሰው ያልተሠራ ፈተና አለ። በዱክ ፓወር ከተሰጡት አንዱ የሆነው ዎንደርሊክ 50 ጥያቄ በ12 ደቂቃ ነበር። አንዱ ላይ ተክላችሁ አትቅሩ፤ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀነስ እንደሆነ ግን መጀመሪያ ጠይቁ።

በስብዕናው መጠይቅ አትዋሹ። ያው ጥያቄ ቃሉ ተቀይሮ ከገጾች በኋላ ይመለሳል፤ «በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም» ለሚል ዓረፍተ ነገር አምስት ያከበበውን ለመያዝ የተቀመጡ ጥያቄዎችም አሉ። ከቴሌግራም የተገዛ መልስ እዚያ ላይ ይሰነካከላል። ግን ደግሞ እንደ ቤታችሁ ጨዋ ሆናችሁ ራሳችሁን አታሳንሱ። ሦስትና አራት መካከል ስትዋልሉ አራትን አክብቡ። ይሄስ ከውሸት በምን ይለያል ትሉኝ ይሆናል፤ ይሁን፣ እኔም አልለየሁትም።

ስትወድቁ ውጤታችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። አውሮፓ ያላችሁ ስለ እናንተ የተያዘውን መረጃ የማየት መብት በሕግ አላችሁ። እዚህም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ የመረጃው ባለቤት ስለ ራሱ የተያዘውን መጠየቅ ይችላል። አዋጁን ጠቅሶ የሰው ኃይል ቢሮ በር ያንኳኳ ወጣት እስካሁን አልገጠመኝም። ደብዳቤውን ማርቀቅ ከከበዳችሁ እኔ አረቅላችኋለሁ፤ ጡረታ ላይ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ።