አባቴ ዕጢ ላይ የተገኘው ለውጥ ለእኛ ለልጆቹ ይተላለፋል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ የአባትሽ የአንጀት ዕጢ ተመርምሮ «ኬራስ የሚባለው ዘረ-መል ተለውጧል» መባሉን አነበብኩ። «እኛ ልጆቹስ?» ብለሽ መጨነቅሽ አይገርምም። እዚሁ ጅማ ታላቅ ወንድሜን ሳስታምም የመጣልን ውጤት ይኸው ነበር።

አይዞሽ፣ ይሄ አይወረስም። አባትሽ ይዘውት የተወለዱት ሳይሆን በኋላ ዕጢው ውስጥ የመጣ ለውጥ ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበላሸው ኤፒሲ የሚባለው ነው፤ የሴሉን መራባት የሚገታ ልጓም በይው። ቀጥሎ ኬራስ ይለወጣል፣ ቆይቶ ደግሞ ቲፒ53። ፖሊፕ የሚባለው አንጀት ውስጥ የሚበቅል ትንሽ እባጭ ካንሰር እስኪሆን 10 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ኬራስ የተለወጠባቸው ደግሞ ከ100 ታማሚ ወደ 40 ይጠጋሉ።

ምርመራው የሚጠቅመው መድኃኒት ለመምረጥ ነው። ኬራስ ከተለወጠ ሴቱክሲማብና ፓኒቱሙማብ የሚባሉት መድኃኒቶች ከኬሞ ጋር ቢሰጡም አይሠሩም። ዋጋቸው ቤት ያሸጣል። እኛ ከውጭ ልናስመጣ ዘመድ አዝማድ ገንዘብ እያዋጣ ሳለ ውጤቱ ደረሰ፤ ሐኪሙም አስቆመን። ኬሞው ግን ቀጠለ። ስለዚህ «ሕክምና የለውም ማለት ነው» የሚልሽን አትስሚ።

ስለ ልጆቹ ከሆነ ሐኪሙን «ኤምኤምአር ታይቷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ይሄን ጥያቄ ሳትጠይቂ እንዳትወጪ! በዚህ ምርመራ ዘረ-መል ሲባዛ የሚፈጠረውን ስህተት የሚያርሙ 4 ፕሮቲኖች ዕጢው ላይ መኖራቸው ይታያል። ከጎደሉ ሊንች ሲንድረም የሚባል ለካንሰር የሚያጋልጥ የዘር ችግር ሊጠረጠር ይችላል። የሚወረሰው እሱ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ከ100 የአንጀት ካንሰር ከሊንች የሚመጣው 3 ያህሉ ቢሆንም ቤተሰብ ውስጥ በአንጀት ወይም በማህፀን ካንሰር የታመመ ሌላ ሰው ካለ፣ በተለይ በወጣትነቱ፣ ለሐኪሙ ንገሪው። ፕሮቲኖቹ ጎደሉ ማለት ሁልጊዜ ሊንች ነው ማለት አይደለም፤ በደም ምርመራ ይለያል። ፕሮቲኖቹ የጎደሉበት ዕጢ ደግሞ እንደ ፔምብሮሊዙማብ ላሉ የኢሚውኖቴራፒ (የሰውነትን መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያነሳሱ) መድኃኒቶች ጥሩ ምላሽ ይሰጣል፤ ለአባትሽም ትልቅ ነገር ነው።

ለዚህ ብላችሁ አባታችሁን በሕመም አዲስ አበባ አታመላልሷቸው። ባዮፕሲው፣ ማለትም ከዕጢው ለምርመራ የተቆረጠው ናሙና፣ በሰም ተይዞ ፓቶሎጂ ክፍል ይቀመጣል፤ «ብሎኩ» ይሉታል። ምርመራው እዚህ ባይሠራ የሚላከው ብሎኩ ነው። የት እንዳለ ዛሬውኑ ጠይቂ፣ ሲወጣም ቁጥሩን ጻፊው።

የሚወረስ ነገር ባይገኝም እናንተ ልጆቹ ኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ አንጀትን ማየት) ያስፈልጋችኋል። በ40 ዓመት፣ ወይም አባታችሁ ከታመሙበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፤ ከሁለቱ የሚቀድመውን ያዙ።