ሊቅ ሳትሆኑ የምትወዱት ነገር ይኑራችሁ

ልጆቼ፣

በሂሳብ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ብዙዎቻችሁ ወደ እኔ የምትመጡት ስለ ሲፒኤ (የሂሳብ ባለሙያ ፈቃድ) ፈተና፣ ስለ ሥራ ቅያሪ፣ ስለ ደመወዝ ድርድር ልትጠይቁኝ ነው። የማውቀውን ደስ ብሎኝ እነግራችኋለሁ። ዛሬ ግን ማንም ያልጠየቀኝን ላንሳ። ስለ ቤዝቦል፣ ኳስ በዱላ ስለሚመታበት የአሜሪካ ጨዋታ።

ከእናንተ ጋር ሳወራ አንድ ነገር ያሳስበኛል። የምትሠሩት ሁሉ ለሌላ ነገር ነው። የምትሮጡት ሰዓታችሁ ላይ ቁጥሩን ለማየት ነው። የምታነቡት ለእድገት ነው። ምግብ ማብሰል የወደደችው ልጅ ሳምንት ሳይሞላት ገጽ ከፍታ ተከታይ ትቆጥራለች። ትጋታችሁን ከልቤ አደንቃለሁ። ግን የማትፈተኑበት፣ ገንዘብ የማታገኙበት፣ ከማንም የማትወዳደሩበት አንድ ነገር ከሌላችሁ፣ ሥራ ፊቱን ያዞረባችሁ ቀን መጠጊያ ታጣላችሁ። እኔ መጠጊያዬ ቤዝቦል ነበር። አሁንም ነው።

ቀንደኛ ደጋፊ አይደለሁም። የተጫዋቾቹን ስም በሙሉ አላውቅም። ማልያ ለብሼ አልጮህም። ቢሆንም ከሰላሳ ዓመት በላይ አብሮኝ ኖሯል።

ዋሽንግተን የመጣሁት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ቀን ኮሌጅ፣ ማታ ታክሲ። ያኔ ከተማዋ የራሷ ቡድን አልነበራትም። ሴኔተርስ የሚባለው ቡድን ከ1971 የውድድር ዘመን በኋላ ወደ ቴክሳስ ሄዷል። ስለዚህ የምንሰማው የጎረቤትን፣ የባልቲሞር ኦሪዮልስን ነው። መጀመሪያ ሬዲዮውን የከፈትኩት ጆሮዬ እንግሊዝኛ እንዲለምድ ብዬ ነበር። ጆን ሚለር የሚባል አስተላላፊ ነበራቸው። አይቸኩልም። ወርዋሪው ኳሷን በእጁ እያሸ ሲያስብ፣ እሱ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ሰማዩ፣ ትናንት ስለሆነው ያወራል። ከዚያ ዱላው ኳሷን ሲመታት ጧ ይላል። የሰዉ ድምፅ ከፍ ይላል። ኤርፖርት ተሰልፌ ተሳፋሪ ስጠብቅ ይህ ድምፅ መኪናዋ ውስጥ ካለ ብቻዬን የሆንኩ አይመስለኝም ነበር።

እንግዲህ ያ የ1988 ኦሪዮልስ ምን ዓይነት ቡድን እንደነበር ልንገራችሁ። ከውድድሩ የመጀመሪያ ቀን አንስቶ 21 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። አሰልጣኙ ካል ሪፕከን ሲኒየር ገና በስድስተኛው ሽንፈት ተባረሩ። ካል ጁኒየርና ቢሊ የተባሉ ሁለት ልጆቻቸው እዚያው ቡድን ውስጥ ይጫወቱ ነበር። አባት ሲባረሩ ልጆቹ ሜዳው ላይ ቀሩ። በወሩ መጨረሻ ቺካጎ ላይ አንድ ጨዋታ አሸነፉ፤ ከዚያ መልሰው ተሸነፉ። ሜይ 2 ቀን ባልቲሞር ሲገቡ አንድ አሸንፈው 23 ተሸንፈዋል።

ያን ዕለት ማታ ሜሞሪያል ስታዲየም ከ50 ሺህ በሚበልጥ ሰው ሞላ። ለዋንጫ አይደለም። አይዟችሁ ለማለት ነው። ከሀገሩ የወጣ፣ ነገር ዓለሙ ያልያዘለት ወጣት ይህን ሲሰማ አንጀቱን ይበላዋል። የእኔን በልቶታል። ከዚያ ማታ ጀምሮ ይህ ጨዋታ የእኔ ሆነ።

በኋላ ቢሮ ስገባ አንድ ሽማግሌ የሥራ ባልደረባ ጨዋታ በእርሳስ መመዝገብ አስተማረኝ። ሜዳው ላይ ያሉት ዘጠኝ ተጫዋቾች እንደ ቦታቸው ቁጥር አላቸው። ወርዋሪው 1 ነው፣ ተቀባዩ 2፣ አንደኛ ቤዝ (ቤዝ ሯጩ እየዞረ የሚረግጠው ማረፊያ ነው) 3፣ ሁለተኛ ቤዝ 4፣ ሦስተኛ ቤዝ 5፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መሀል የሚቆመው ሾርትስቶፕ 6፣ ከኋላ ያሉት ሦስቱ ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8፣ 9። ደብተሩ ላይ 6-4-3 ተብሎ ከተጻፈ፣ ኳሷ በሾርትስቶፕ ተለቅማ፣ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ተወርውራ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ ቤዝ ሄዳ በአንድ ምት ሁለት ሰው ወጣ ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ያን ገጽ ስትከፍቱ ጨዋታው በዓይናችሁ ላይ ይመጣል።

ሽማግሌው ያሳየኝ ሌላው ነገር ግን የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ጋዜጣ ላይ በጥቃቅን ፊደል የሚወጣው ቦክስ ስኮር፣ ማለትም የጨዋታው የቁጥር ሰንጠረዥ፣ እንደኛ መዝገብ ሚዛን አለው። ለመምታት የቆመ ሰው ሁሉ መጨረሻው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ወይ ዞሮ ገብቶ ነጥብ ያመጣል፣ ወይ ዙሩ ሲያልቅ ቤዝ ላይ ይቀራል፣ ወይ እሱን ወይም ቦታውን የያዘውን ሯጭ ተቃራኒው ቡድን ያስወጣል። ስለዚህ በአንድ በኩል ለመምታት የቆሙትን በሙሉ ትደምራላችሁ። በሌላ በኩል ነጥቦቹን፣ ቤዝ ላይ የቀሩትንና ተቃራኒው ቡድን ያስወጣቸውን ትደምራላችሁ። ሁለቱ እኩል መምጣት አለባቸው። ካልመጡ መዝጋቢው አንድ ቦታ ተሳስቷል። እንደ ዴቢትና ክሬዲት በሉት። ቢሮ ውስጥ መዝገብ አልዘጋ ብሎኝ በሚያመሽበት ሰሞን፣ በማግስቱ ጠዋት ከቡና ጋር አንድ ቦክስ ስኮር አወራርጄ ነው የምወጣው። ማንም አይከፍለኝም። ማንም አያየኝም። ጣዕሙም እሱ ላይ ነው።

ይህ ጨዋታ በቁጥር የተሞላ ነው፤ ቁጥሮቹ ግን የእኔ አይደሉም። ስለ እኔ የሚናገር አንድም ቁጥር የለውም። ለዚህ ነው የሚያሳርፈኝ።

ካል ጁኒየርን በሥራ ስብሰባ ላይ ደጋግማችሁ ትሰሙት ይሆናል። ከሜይ 30 ቀን 1982 ጀምሮ አንድም ጨዋታ ሳይቀር የተሰለፈ ሰው ነው። የጥንቱ የያንኪስ ተጫዋች የሉ ገሪግ 2,130 ተከታታይ ጨዋታ ከ1939 ጀምሮ ሳይነካ ቆይቶ ነበር። ሪፕከን ሴፕቴምበር 6 ቀን 1995 በኦሪዮልስ አዲሱ ሜዳ በካምደን ያርድስ ላይ አለፈው። ጨዋታው ቆሞ ሰዉ ከ22 ደቂቃ በላይ አጨበጨበ። ጓደኞቹ ገፍተው አስወጡትና ሜዳውን እየዞረ የሰው እጅ ጨበጠ። በቀደመው ዓመት በሥራ ማቆም አድማ ምክንያት የዓመቱ የዋንጫ ፍጻሜ የሆነው የዓለም ሲሪዝ ተሰርዞ፣ ብዙ ሰው እኔንም ጨምሮ ጨዋታውን አኩርፎት ነበር። ያን ማታ ታረቅን።

አለቆች ይህን ታሪክ የሚያመጡት ከሥራ አትቅሩ ለማለት ነው። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን 1998 ነው። ሴፕቴምበር 20፣ ቁጥሩ 2,632 ላይ እንዳለ፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ራሱ ዛሬ አልጫወትም አለ። በቦታው አንድ ጀማሪ ልጅ ገባ። እንግዳ የነበሩት የኒው ዮርኩ ያንኪስ ተጫዋቾች ይህን ሲያዩ ተነስተው አጨበጨቡለት። ያን ሁሉ ዓመት ያልተቋረጠውን ነገር በገዛ እጁ አቆመውና በማግስቱ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። የማያቋርጥ ሥራ ለሚያስመካችሁ ልጆች ይህን ቀን እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ልጆች ስንወልድ ጨዋታውን ረሳሁት። እናቴ አዲስ አበባ ታማ በምመላለስበት ዘመንም እንዲሁ። ቤዝቦል ግን በዓመት 162 ጨዋታ ነው፣ ከማርች መጨረሻ ጀምሮ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ብትጠፉም ስትመለሱ ዛሬም ይጫወታሉ። የት ነበርክ የሚል የለም።

በ2005 ከሞንትሪያል የመጣው ቡድን ናሽናልስ ሲባል፣ ዋሽንግተን ከሰላሳ ዓመት በላይ ቆይታ የራሷን አገኘች። ቀንደኞቹ በሁለት ቡድን መሀል ልብ አይከፈልም ይላሉ። የእኔ ተከፍሎ በሰላም ይኖራል። በ2019 ናሽናልስ ሜይ መጨረሻ አካባቢ ሲደርሱ በጠቅላላው 19 አሸንፈው 31 ተሸንፈው ነበር፤ ያለቀላቸው መስሎ። ኦክቶበር 30 ግን ሂውስተን ላይ በዓለም ሲሪዝ ሰባተኛ ጨዋታ፣ በሰባተኛው ዙር፣ ሃዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ በቀኝ በኩል ያለውን የድንበር ምሰሶ መታችና መሩ። 6 ለ 2 አሸነፉ። በዚያ ሲሪዝ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው። ልጄ አጠገቤ ሆና ታለቅስ ነበር። ዋሽንግተን ከ1924 ጀምሮ ስትጠብቀው የነበረ ዋንጫ ነው።

የእናንተ ቤዝቦል ላይሆን ይችላል። ክራር መምታት፣ አትክልት፣ ቼዝ፣ ወፍ ማየት፣ የፈለጋችሁት ይሁን። ብቻ ስትይዙት እድገታችሁን አትቁጠሩበት፣ አትሽጡት፣ ሥራ ማመልከቻችሁ ላይም አትጻፉት። እየጎበዛችሁበት ከመጣችሁም ጥሩ ነው፤ ግን በዚያ ምክንያት አትያዙት።

ቤዝቦሉን መሞከር ለሚፈልግ፣ በግሪን ላይን ባቡር የናሽናልስ ሜዳ ያለበት ኔቪ ያርድ ይውረድ። የሥራ ቀን ማታ ይምረጥ፤ ላይኛው ፎቅ ወንበር ይበቃል፣ ሜዳው ሙሉ ይታያል። ሕጉን አስቀድማችሁ አታጥኑ። ሦስት ስትራይክ (ሰንዝሮ የሳተው ወይም መምታት ሲገባው ያሳለፈው ኳስ) መቺውን ያስወጣል፣ አራት ቦል (ከመምቻው ክልል ውጭ ተወርውሮ ያልሰነዘረበት ኳስ) አንደኛ ቤዝ ያስኬደዋል፣ ሦስት ሰው ከወጣ ተራው ይቀየራል። ለመነሻ ይሄ ይበቃችኋል። የቀረውን አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሽማግሌ ጠይቁት። እስከ ዘጠነኛው ዙር ድረስ ያስረዳችኋል።