ቶማስ ኮል ወደ መልክዓ ምድር ሥዕል የተሻገረው የት ነው?

መልክዓ ምድርን መሣል የጀመረው እንግሊዝ ሳለ ሳይሆን አሜሪካ ከገባ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1801 በላንክሻየር ተወልዶ በ1818 ከቤተሰቡ ጋር ሲሰደድ ሙያው ለጨርቅ ማተሚያ የሚሆን ንድፍ መቅረጽ ነበር። የዘይት ቀለም አያያዝን ኦሃዮ ውስጥ ከአንድ ተዘዋዋሪ ሠዓሊ ተምሮ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ የሰዎችን ምስል በመሣል ለመተዳደር ቢሞክርም ገቢው አላወላዳውም።

ወሳኙ ዓመት 1825 ነው። ኒው ዮርክ ገብቶ፣ የሐድሰንን ወንዝ ሽቅብ ተከትሎ እስከ ካትስኪል ተራሮች ከተጓዘ በኋላ የሣላቸውን ሥዕሎች ጆን ትራምቡል፣ ዊሊያም ደንላፕና አሸር ዱራንድ ገዙለት። ሦስቱም የጥበቡ ሰዎች ስለነበሩ፣ በእኔ እምነት ይህ ግዢ ከማንኛውም ባለጸጋ ገንዘብ የበለጠ ስም አስገኝቶለታል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ በሥዕሉ ላይ የተጻፈውን ዓመት ይዘው ሠዓሊው በዚያ ጊዜ በዚያ ስፍራ ነበር ብለው አይደምድሙ። የስደተኛ ሠዓሊያንን የሕይወት ታሪክ ሳነብ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ስሕተት ይህ ነው። ኮል ከቤት ውጭ በእርሳስ ነድፎ፣ የቀለሙን ሁኔታ በጽሑፍ አስፍሮ፣ ዋናውን ሥዕል የሚሠራው በሥራ ክፍሉ ነበር፤ ከጣሊያን በ1832 ተመልሶ ሳለ የፍሎረንስን እይታ የሣለው በ1837 አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ነው።