«ሚስቴ በጻፈችው ልብ ወለድ ውስጥ ባልየው ሞቷል»

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር 27 ዓመት በትዳር ኖረናል። የመጨረሻ ልጃችን ከሁለት ወር በኋላ ታገባለች። በዚህ ሁሉ ጥድፊያ መሃል ባለቤቴ ሌሊት እየተነሣች አጭር የፍቅር ልብ ወለድ ጽፋ ጨረሰች። «ከማንም በፊት አንተ አንብበው፤ ላሳትመው አስቤያለሁ» ብላ ሰጠችኝ። ታሪኩ የሚያጠነጥነው በአንድ የቤተሰብ ሠርግ ላይ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የእህቷን ልጅ የምትድር ሴት ናት፤ አነጋገሯም ሁኔታዋም የባለቤቴ ነው። ባሏ ግን ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ሞቷል። የምትወደው ሰው ሠርጉን የሚያነሣው ፎቶግራፈር ነው። ሰውየው ፎቶዎቹን ሲያገላብጥ እሷ በአንዱም ላይ እንደሌለች ያስተውልና ሊፈልጋት ይሄዳል። በዚህ ብቻ ሰው ይወደዳል? እንደጨረስኩ «ሰውየው ማነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ሣቀች፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ድርሰቱ አንሥታ አታውቅም። ባለቤቴ የጎደለባት ነገር የለም። ዘመድ አንብቦ ምን ይለኛል? ከሠርጉ በኋላ ደግሞ ቤት ውስጥ የምንቀረው እኔና እሷ ብቻ ነን። እንዳታሳትመው ልከልክላት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቅር መሰኘትዎ ይገባኛል። ሚስቱ በጻፈችው ታሪክ ውስጥ ባልየው ሞቶ ሲያገኝ ደንግጦ የማያቆም ባል ጥቂት ነው። ስለ ሞቱ ግን ቶሎ ላረጋጋዎት። የፍቅር ልብ ወለድ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ታሪኩ በደስታ እንዲያልቅ ባለታሪኳ ለመውደድ ነጻ መሆን አለባት። ባለቤትዎ ባለታሪካቸው ባሏን እንድትከዳ ማድረግ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። ሠርጉን መምረጣቸውም አይግረምዎት። ጥቂት ቀናት፣ አንድ ቤት፣ የተሰበሰበ ዘመድ፣ ሁሉም ስለ ሌላ ሰው ፍቅር የሚያወራበት ሰዓት፤ ለአጭር የፍቅር ታሪክ ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም።

እኔን ያቆመኝ እርስዎ የተቆጡበት የፎቶው ጉዳይ ነው። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ፎቶግራፈሩ መልክ፣ ሀብት ወይም ዕድሜ አንድም ነገር አልነገሩኝም። የነገሩኝ ያደረገውን ብቻ ነው፤ የሴትዮዋን አለመኖር አስተዋለ፣ ከዚያም ሊፈልጋት ሄደ። ሠርግ የሚደግሱ ሴቶች ፎቶ ላይ የማይገኙት ለምን እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ። ሌላው ሲነሣ እነሱ ከወዲያ ወዲህ እያሉ ነው። ባለቤትዎ የጻፉት የጎረምሳ ፍቅር አይመስለኝም። ሁሉን አሰናድታ ራሷ ከስብስቡ የጠፋች ሴትን፣ መጥፋቷንም ያየላትን አንድ ሰው ነው የጻፉት።

ጃኒስ ራድዌይ የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት የፍቅር ልብ ወለድ አዘውትረው የሚያነቡ ሴቶችን ለምን እንደሚያነቡ ጠይቀው ነበር። ብዙዎቹ ሚስቶችና እናቶች ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ሌላውን ሲንከባከቡ ይውላሉ። ንባቡ ለራሳቸው የሚያገኙት ጊዜ እንደሆነ ተናገሩ። ከወንዱ ገጸ ባሕርይ የሚጠብቁት ደግሞ ርኅራኄንና ለባለታሪኳ ልብ መስጠትን ነበር። ይህን የማነሣው ድርሰቱን ሌላ ሰው ለመፈለግ ብቻ ካነበቡት ዋናው ነገር ሊያመልጥዎት ስለሚችል ነው።

እዚህ ላይ ሐሳቤ ከባለቤትዎ ወገን እንደሚያዘነብል ልደብቅዎት አልችልም። ደብዳቤዎ ውስጥ ድርሰቱ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚል ቃል የለም። 27 ዓመት አብረዋቸው የኖሩት ሴት መጻፍ የሚችሉ ሆነው መገኘታቸው አስገርሞዎት እንደሆነም አልነገሩኝም። ለማንበብ ሲቀመጡ የፈለጉት ሰውየውን ነው፤ እሳቸውን ግን አልፈለጉም። «የጎደለባት ነገር የለም» ሲሉም ከልብዎ እንደሆነ አምናለሁ፤ ቤታቸውን በድካማቸው ያቆሙ ባሎች እንዲህ ይላሉ። ነገር ግን ይህን ማለት የሚችሉት እሳቸው ናቸው፤ ጠይቀዋቸው እንደሆነ ደብዳቤው አይናገርም።

ጆን ጎትማን የተባሉት የትዳር ተመራማሪ ባለትዳሮች በየቀኑ አንዳቸው የሌላውን ትኩረት በትንንሽ ነገሮች እንደሚጠይቁ ለረጅም ጊዜ አጥንተዋል። «እስቲ ይህን እይ» ማለት አንዱ ጥያቄ ነው። አዲስ ተጋቢዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ሲያዩ፣ በትዳር የቆዩት ለእንዲህ ዓይነት ጥሪዎች 86 በመቶ ያህል ምላሽ ይሰጡ የነበሩ ሲሆኑ የተለያዩት ግን ምላሽ ይሰጡ የነበረው ለ33 በመቶው ብቻ ነበር። ባለቤትዎ ከማንም በፊት ለእርስዎ የሰጡት ድርሰት ከእነዚህ ጥሪዎች ሁሉ ትልቁ ሊሆን ይችላል። የመለሱላቸው በምርመራ ጥያቄ ነበር። የሣቁት ነገሩ አስቂኝ ስለሆነ አይመስለኝም።

በአንድ ደብዳቤ የሰው ልብ አይታወቅምና በእርግጠኝነት አልናገርም። ቢሆንም የሚደበቅ ሰው ቢኖር ጽሑፉ መጀመሪያ እርስዎ እጅ ይገባል ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያለፉት ነገር የዘመድ ወሬ ከሚለው የበለጠ ያስጨነቀዎት ይመስለኛል። ልጅዎ ስትሄድ ቤት የሚቀሩት ሁለታችሁ ናችሁ። እርስዎ ይህን እንደ ስጋት ጽፈውታል። ባለቤትዎም ያው ቀን እየቀረበ ሲመጣ ሌሊት እየተነሡ ሲጽፉበት የነበረ ይመስለኛል።

ስለዚህ አይከልክሏቸው። ድርሰቱን አንድ ጊዜ እንደገና ያንብቡት፤ ልብዎን የነካ ቦታ ካገኙ የትኛው እንደሆነ ይንገሯቸው። ካላገኙ አይዋሹ፤ «ሳነበው ፈርቼ ነበር» ቢሏቸውም ይበቃል። ምናልባት ወዲያው አያናግሩዎት ይሆናል፤ ይታገሡ። የሕትመቱ ጊዜ ከሠርጉ በኋላ ቢሆን የሚሻል ከመሰለዎት ሐሳብ ሊያቀርቡ ይችላሉ፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የጸሐፊዋ ነው። ዝምታው ከሠርጉ በኋላም ከቀጠለ አብራችሁ የትዳር አማካሪ ፊት ለፊት ብታነጋግሩ ይሻላል። እሳቸው ለጊዜው ካልፈለጉ እርስዎ ብቻዎን ቢጀምሩም ችግር የለውም።